ሰርዶን ሜዳ ማድረግ፦ የሣር አያያዝ ለጎጃም አየርና አፈር

ጎጃም ውስጥ ጤፍ ዘሪው ሰርዶ እንዲጠፋለት ማሳውን ደጋግሞ ያርሳል፤ የተነቀለውንም ሰብስቦ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ለሣር ሜዳ ግን ከሰርዶ የሚሻል የለም፤ በሞቃት አገሮች ብዙ የጎልፍ ሜዳዎች የሚለብሱትም የዚሁ የሰርዶ ወገን ነው። ቢረገጥ አይሞትም፣ ቢቆረጥ ወደ ጎን ይስፋፋል፣ በጋ ቅጠሉ ቢደርቅ ሥሩ ክረምቱን ይጠብቃል። ባሕር ዳርና ፍኖተ ሰላም ላይ ሌላ ሣር መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ላይ ግን ብርድ ያቀጭጨዋል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭም ያነጣዋል፤ እዚያ ኪኩዩ የሚባለው የደጋ ሣር ይሻላል።

ተከላው ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ከያዘ በኋላ ነው። መሬቱን 20 ሴንቲ ቆፍሩና ድንጋይና ጓሉን አውጡ፤ ውኃ እንዳይቋጥርም በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ዝቅ እንዲል አድርጋችሁ ደልድሉት። የሰርዶውን ተሳቢ ግንድ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ቆራርጡ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ ሁለት አንጓ ይኑረው። በየ20 ሴንቲ መስመር አውጡና 5 ሴንቲ ቅበሩት፣ ጫፉ ብቻ ይታይ፤ ከዚያ በእግር ረገጥ ረገጥ አድርጉት። ያልተረገጠ ግንድ አፈር ስለማይነካው ሥር ሳይሰድ ይደርቃል። ዝናቡ ካልተቋረጠ በመስከረም ሜዳው ይለብሳል።

ሜዳ የሚበላሸው በብዛት በአቆራረጥ ነው። ለኳስ ሜዳ ሰርዶን በ3 ሴንቲ፣ ኪኩዩን በ4 ሴንቲ ያዙት፤ በአንድ ጊዜም ከቁመቱ ሲሶ በላይ አትቁረጡ። 3 ሴንቲ የሚፈለገው ሣር 4 ሴንቲ ተኩል ሲደርስ ይታጨዳል ማለት ነው፤ ይህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በሳምንት ሁለቴ ይሆናል። አድጎ የቆየውን ሣር በእጃችሁ ገለጥ ብታደርጉት ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር ገለባ ነው። ያንን አንዴ ወደ 3 ሴንቲ ካወረዳችሁት የሚቀረው ቅጠል አልባ ግንድ ብቻ ስለሆነ ሜዳው ይቃጠላል። በአራት በአራት ቀን ልዩነት ደረጃ በደረጃ አውርዱት። የማሽኑ ምላጭ የደነዘ እንደሆነ በማግስቱ የቅጠሉ ጫፍ ነጣ ብሎ ተበጣጥሶ ይታያል። በማጭድ ማጨድ ለትንሽ ግቢ እንጂ ለሜዳ አይሆንም፤ ወለሉ ጎርበጥባጣ ይሆናል።

በበጋ በሳምንት ለአንድ ካሬ ሜትር 25 ሊትር ይበቃል፤ ለሁለት ከፍላችሁ በማለዳ አጠጡ። በየማታው ትንሽ ትንሽ መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ሁለት ቀን ውኃ ከጠፋ ሣሩ ይወድቃል። መመዘኛው ቀላል ነው፦ ካጠጣችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ረጅም ካቻቢቴ መሬቱ ላይ ትከሉ፤ ያለ ብዙ ግፊት 15 ሴንቲ ከገባ ውኃው ደርሷል። የሚረጭ ቧንቧ ካላችሁ ደግሞ ባዶ የድልህ ጣሳዎች እዚህም እዚያም አስቀምጡ፤ ጣሳው ውስጥ ውኃው 12 ሚሊ ሜትር ከፍታ ሲደርስ የዕለቱ ድርሻ አበቃ።

ዩሪያ ለ100 ካሬ ሜትር 1 ኪሎ ነው። ለሙሉ ኳስ ሜዳ፣ 105 በ68 ሜትር ለሆነው፣ 71 ኪሎ ግድም ይሆናል፤ አንድ ከረጢት ተኩል ማለት ይቻላል። ቅጠሉ ደረቅ ሳለ በትኑና ወዲያው አጠጡ፤ በእርጥብ ቅጠል ላይ ያረፈ ዩሪያ ያቃጥላል። አንዴ በሰኔ፣ አንዴ በነሐሴ፣ ውኃ ካለ አንዴ በጥቅምት። ውኃ በሌለበት በጋ ማዳበሪያ መስጠት የተራበ በሬን ለእርሻ እንደ መጥመድ ነው።

እንጅባራ አካባቢ አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ ዩሪያው ብቻውን አይሠራም። አስመርምሩትና ፒኤች (የአሲዳማነቱ መለኪያ) ከ5.5 በታች ከሆነ ለ100 ካሬ ሜትር 20 ኪሎ የተፈጨ የእርሻ ኖራ ከመትከላችሁ በፊት ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ። የግድግዳ መለቅለቂያው ኖራ ሌላ ነው፣ ሥር ያቃጥላል። ኖራና ዩሪያ በአንድ ሳምንት አይበተኑም፤ ናይትሮጅኑ አየር ላይ ይጠፋል።

ጥቁሩ ዋልካ መሬት በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በእርጥቡ የተረገጠ እንደሆነ ይጠቀጠቃል፤ ዝናብ በዘነበ ዕለት ጨዋታ መከልከል ከማንኛውም ጥገና ይበልጣል። የተጠቀጠቀውን በ12 ሚሊ ፌሮ 10 ሴንቲ ጥልቀት፣ በየ10 ሴንቲ ርቀት ወግታችሁ የታጠበ የወንዝ አሸዋ ጥረጉበት፤ ለ100 ካሬ ሜትር ግማሽ ሜትር ኩብ ይበቃል። ሳይወጉ ከላይ አሸዋ ማልበስ ግን ውኃውን በሁለቱ መካከል ያቆመዋል።

ሙጃ ሳያፈራ ይታጨድ። እንግጫ ግን ማጨድ አይበግረውም፤ ከሥሩ ያለው ድቡልቡል ፍሬ መሳይ እስኪወጣ በዝናብ ማግስት በመኮትኮቻ ንቀሉት። በሰኔ ሣሩ በድንገት ከተላጨ ተምችን ጠርጥሩ፦ ሁለት ማንኪያ ላርጎ በ5 ሊትር ውኃ በጥብጣችሁ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አፍስሱ። ትሉ ካለ በ10 ደቂቃ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወጣል።

በመጨረሻ ለጎል አፍና ለፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ፦ የሜዳው ዳር ላይ 2 በ10 ሜትር የሆነ የመጠባበቂያ መደብ ያዙ፣ እንደ ሜዳው እኩል እየታጨደ። የተመላለጠውን ቦታ ከመደቡ በተቆረጠ 10 በ10 ሴንቲ፣ ውፍረቱ 5 ሴንቲ በሆነ የሣር ጡብ (ሣሩ ከነሥሩና ከነአፈሩ) ለጥፉት። ወለሉ ከዙሪያው ጋር ትክክል መሆኑን በቀጥ ያለ ጣውላ ተመልከቱ፤ ከፍ ያለ ጡብ በመጀመሪያው አጨዳ ይላጫል። ክፍተቱን በአሸዋ ሙሉና ለሦስት ሳምንት አጥሩት።