ጥርሱ ሳያልቅ የሚሞት ጎማ፦ የጀልባ ተሳቢ ጎማ ችግርና መፍትሄ

የጀልባ ተሳቢ ጎማ እንደ መኪና ጎማ ሮጦ አያልቅም። በዓመት ጥቂት ቀን ይሮጣል፤ የቀረውን ጊዜ ክብደት እንደተሸከመ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያሳልፋል። ስለዚህ ጥርሱን አይቶ «ይሄማ ገና አዲስ ነው» ማለት ያሳስታል። በዚህ ሥራ ላይ የማያቸው የተበጣጠሱ ጎማዎች ብዙዎቹ ጥርሳቸው ሙሉ ነው። የሚገድላቸው የንፋስ ማነስ፣ የጭነት መብዛትና ዕድሜ ነው። የጎማዎን ምልክት ከታች ካሉት ጋር ያመሳክሩ።

ጎማው በጉዞ ላይ ፈነዳ፣ ወይም ቆዳው ተገሽልጦ ወጣ

መነሻው ሙቀት ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱ ደግሞ ጎማውንና በውስጡ ያለውን ክርና ሽቦ ያጣበቀውን ያላላዋል። ከውጭ ምንም ሳይታይ ውስጡ ሲላቀቅ ይቆይና አንድ ቀን ቆዳው ተገንጥሎ ይወጣል።

መጀመሪያ ንፋሱን ይለኩ፤ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ፣ ማለትም ቢያንስ ሦስት ሰዓት ሳይነዳ ከቆመ በኋላ። ለተሳቢ ተብሎ የተሠራ ጎማ ከመጠኑ ፊት «ኤስ ቲ» የሚል ጽሑፍ አለው። እንዲህ ያለው ጎማ በጎኑ ላይ እስከተጻፈው ከፍተኛ ቁጥር ድረስ ቢሞላ ይመረጣል፤ ሙሉ ጭነቱን የሚችለው በዚያ ግፊት ብቻ ነውና። በተለመዱት መጠኖች የጭነት ደረጃው (ጎማው ምን ያህል እንደሚሸከም የሚያሳየው ፊደል) «ሲ» ከሆነ 50 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ)፣ «ዲ» ከሆነ 65፣ «ኢ» ከሆነ 80 ነው። በጉዞ መሃል ሲለኩት ከዚህ በላይ ቢያሳይ አያስተንፍሱት። ጎማ ሲሞቅ ግፊቱ መጨመሩ የታሰበበት ነው፤ ካስተነፈሱት ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ያገኙታል፣ ሙቀቱም ይብስበታል።

ንፋሱ ልክ ሆኖም ከፈነዳ ክብደቱን ይመርምሩ። ጀልባው ሲሸጥ የሚነገረው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ የባዶው ነው። 100 ሊትር ቤንዚን ወደ 75 ኪሎ ይመዝናል፤ 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው። ሞተሩ፣ ባትሪው፣ መልሕቁ፣ ገመዱ፣ ጓዙ፣ በዚያ ላይ የተሳቢው የራሱ ክብደት አለ። መገመት አይበቃም፤ ለጉዞ እንደሚወጡት አድርገው ጭነው ሚዛን ላይ ያውጡት።

ለምሳሌ ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ጎማዎቹ ላይ 1,500 ኪሎ ቢያርፍ ለእያንዳንዱ 750 ኪሎ ይደርሰዋል። 205/75 አር 14 የሆነ የ«ሲ» ደረጃ ጎማ የሚችለው 800 ኪሎ ገደማ ነው። በወረቀት ይበቃል፤ እኔ ግን በዚህ ልክ አልወጣም። ባትሪና ነዳጅ ወደ አንድ ወገን ካደሉ ያኛው ጎማ ከልኩ አልፏል ማለት ነው። የዚሁ መጠን የ«ዲ» ደረጃ ጎማ ወደ 925 ኪሎ ስለሚችል በቂ ትርፍ ይሰጣል። ግን ቸርኬውና የንፋስ ማስገቢያው 65 ፒኤስአይ መቻላቸውን ያረጋግጡ። ተራው የላስቲክ ማስገቢያ ከ65 በላይ አይሆንም፤ ለ«ኢ» ደረጃ የብረት ያስፈልጋል።

ፍጥነትም አለ። የፍጥነት ፊደል የሌለው ኤስ ቲ ጎማ በሰዓት ለ105 ኪሎ ሜትር የተሠራ ነው ተብሎ ይወሰዳል። «ኤል» የሚል ፊደል 120፣ «ኤም» 130፣ «ኤን» ደግሞ 140 ማለት ነው። መኪናዎ መፍጠን መቻሉ ለተሳቢው ጎማ ምንም አይጠቅመውም።

ተሳቢው ባለ ሁለት አክስል ከሆነ ሌላም ነገር አለ። አንዱ ጎማ ሲፈነዳ እዚያው ወገን ያለው ጓደኛው የሁለቱን ጭነት ብቻውን ተሸክሞ ሄዷል። ደህና ቢመስልም ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና አስፈትተው ያስመርምሩት። ረጅም መንገድ የሚሄዱ ከሆነ አብረው ቢቀይሩት እመክራለሁ።

ጎኑ ላይ ስንጥቅ ይታያል

ፀሐይና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ላስቲኩን ያደርቁታል። ጎማ ሲሠራ ከዚህ የሚከላከል ሰም መሰል ነገር ይገባበታል፤ ይህ ነገር ወደ ላይ የሚወጣው ግን ጎማው ሲዞርና ሲታጠፍ ነው። ቆሞ የሚከርም ጎማ ቶሎ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው።

ለተሰነጠቀ ጎማ ጥገና የለውም፤ ይቀየራል። የሚያብረቀርቅ ቅባት ስንጥቁን ይሸፍናል እንጂ አያድንም፤ ከነዳጅ ዘይት የተሠራው እንዲያውም ላስቲኩን ሊጎዳው ይችላል። ዕድሜውን ለማወቅ ጎኑ ላይ «ዲ ኦ ቲ» ከሚለው ጀምሮ የሚሄደውን ኮድ መጨረሻ ያንብቡ። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች 2319 ከሆኑ በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ሙሉ ኮዱ በአንድ ወገን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል ከውጭ ካጡት ጎንበስ ብለው በውስጥ በኩል ይፈልጉ። አምስት ዓመት የሞላውን የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ቢሞላም እቀይረዋለሁ። አዲስ ሲገዙም ይህንኑ ቁጥር ይዩ፤ መጋዘን ውስጥ ሁለት ዓመት የከረመ ጎማ ሁለት ዓመቱን አርጅቷል።

ጀልባው ለወራት የሚቆም ከሆነ ተሳቢውን በክሪክ አንስተው ድጋፍ ላይ ያሳርፉት፣ ጎማዎቹንም ከፀሐይ ይሸፍኑ። ማንሳት ካልተቻለ ንፋሱን ሞልተው ከሥሩ ሳንቃ ያድርጉ።

ጥርሱ እኩል አያልቅም

መሃሉ ብቻ ካለቀ ንፋስ በዝቷል፤ ሁለቱም ዳር ካለቀ አንሷል ወይም ጭነት በዝቷል። በአንድ ዳር ብቻ ሲያልቅ አክስሉ ጎብጧል ወይም ቦታውን ስቷል፤ ይህን ሳያስተካክሉ ጎማ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ቦታ ቦታውን እየጎደጎደ ካለቀ ባላንስ ወይም የላላ ኩሽኔታ ያስመርምሩ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጠፍጥፎ ከበላ ፍሬኑ ይዞ ጎማውን ጎትቶታል።

ንፋስ ቀስ እያለ ይጎድላል

ጎማውን ሞልተው የሳሙና ውሃ በማስገቢያው፣ በጥርሱና ጎማው ከቸርኬው ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ይቀቡ። አረፋ የሚወጣበት ቦታ መልሱን ይነግርዎታል። የጀልባ ተሳቢ ከሌሎች የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ፣ ይልቁንም ጨዋማ ውሃ ውስጥ፣ ቸርኬው ጠርዙ ላይ ይዝግና ጎማው መግጠም ያቅተዋል። ጎማው ይፈታ፣ ዝገቱ ተፍቆ ይቀባ፤ ብረቱ ከተበላ ግን ቸርኬው ይቀየር። ጨው ውስጥ ለሚገባ ተሳቢ ዚንክ ውስጥ የተነከረ ቸርኬ ይሻላል። ጎማ በተቀየረ ቁጥር የንፋስ ማስገቢያውም አብሮ ይቀየር። ከጨው ውሃ በወጡ ቁጥርም ቸርኬውን፣ ፍሬኑንና አክስሉን በንጹሕ ውሃ ያጥቡ።

የጎማው መሃል እጅ የማያስነካ ሙቀት አለው፣ ወይም ያጉረመርማል

ይህ የጎማ ሳይሆን የኩሽኔታ ሕመም ነው፤ ካልታከመ ግን ጎማውን ከነቸርኬው ያስወጣዋል። ከረጅም መንገድ ደርሰው ተሳቢውን ወዲያው ውሃ ውስጥ ሲከቱት፣ የጋለው መሃል በድንገት ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፣ ግሪሱን የሚይዘው ቀለበት ካረጀ ውሃ ይስባል። ግሪሱ ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቷል። ኩሽኔታው ይፈታ፣ ይታጠብ፣ ቀለበቱ ይቀየር፣ ውሃ በሚቋቋም የጀልባ ግሪስ ይሞላ። ለወደፊቱ ውሃው ዳር ሲደርሱ ገመድ እያዘጋጁ፣ ጓዝ እየጫኑ ተሳቢውን ያቀዝቅዙት።

ተሳቢው ይወዛወዛል

የመኪና ጎማ ተገጥሞለት ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይጠርጥሩ። የመኪና ጎማ ጎኑ ለምቾት ሲባል የላላ ነው፤ የኤስ ቲ ግን ጠንካራ ነው፣ ከባድ ጭነት ከላይ ሲወዛወዝ አይተጣጠፍም። በመጠኑ ውስጥ «አር» ያለበትን ራዲያል ጎማና «ዲ» ያለበትን (ክሩ ሰያፍ የሆነውን፤ ይህ «ዲ» የጭነት ደረጃው አይደለም) በአንድ አክስል ላይ አያደባልቁ። ጎማዎቹ ደህና ከሆኑ ጀልባው ወደ ኋላ አድልቶ መንጠቆው ላይ የሚያርፈው ክብደት አንሶ እንዳይሆን ይመልከቱ።

ጎማ ከተቀየረ በኋላ ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ፣ የተሳቢው መመሪያ በሚለው ልክ፣ በመስቀልኛ ቅደም ተከተል ያጥብቁ። ከመጀመሪያዎቹ 80 እስከ 100 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ቆመው ደግመው ይፈትሹ፤ አዲስ የተገጠመ ቸርኬ ቦታውን ሲይዝ ዳዶ ይላላል። ተቀያሪውን ጎማም አይርሱት፤ ሳይሠራ ያረጃል፣ ንፋሱም ይወጣል። ከቤት ሳይወጡ ክሪኩ የተጫነውን ተሳቢ ማንሳቱን፣ የመኪናው ቁልፍም ለተሳቢው ዳዶ መሆኑን ይሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ አይሆንም።