አሥራ ሁለት ጉድጓድ፣ አሥራ ሁለት እንስሳት፦ የቻይናን ተረት በገበጣ ማስተማር

የቻይና የዘመን ዑደት በየተራ ዓመት የሚሰየምባቸው 12 እንስሳት አሉት፤ ባለ ሁለት ረድፍ ገበጣ ደግሞ 6 በ6፣ በድምሩ 12 ጉድጓድ። ይህ መገጣጠም ብቻውን የሦስት ማታ ትምህርት ያወጣል። ከ7 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች ይሆናል፤ መብራት ቢጠፋም በሻማ ይቀጥላል።

ቤት ውስጥ ገበጣ ከሌለ እንቁላል ከሚሸጥ ሱቅ ባለ 30 ትሪ ካርቶን ጠይቁ። 5 በ6 ስለሆነ 6 ጉድጓድ ካላቸው ረድፎች ሁለቱን አያይዞ መቁረጥ ይበቃል። ሃያ ፍሬ ሽምብራም አዘጋጁ። ሕፃን ካለ ግን እሱ ከተኛ በኋላ ተጫወቱ፤ ሽምብራ አፍንጫ ውስጥ ከገባ በእርጥበት ስለሚያብጥ ማውጣቱ ይከብዳል።

ስሞቹን በጉድጓዶቹ ጠርዝ ጻፉ። ታችኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ፦ አይጥ፣ በሬ፣ ነብር፣ ጥንቸል፣ ዘንዶ፣ እባብ። ላይኛው ግን ከቀኝ ወደ ግራ ነው፦ ፈረስ፣ ፍየል፣ ጦጣ፣ አውራ ዶሮ፣ ውሻ፣ አሳማ። ፈረስ ከእባብ በላይ፣ አሳማ ከአይጥ በላይ መዋል አለበት። ብዙዎች ላይኛውንም እንደ ጽሑፍ ከግራ ይጀምሩና ክቡ ይቆረጥባቸዋል፤ ሒሳቡ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ነው። ነብሩን ሲስሉ ደግሞ የእኛ ነብር ነጠብጣብ እንዳለው፣ የቻይናው ግን መስመር መስመር ያለው ሌላ አውሬ እንደሆነ ንገሯቸው። ፍየሉም ቢሆን በቻይንኛ ቃሉ በግንም ፍየልንም የሚጠራ ነው፤ ልጁ በግ ልሳል ካለ አትከልክሉት።

የመጀመሪያው ማታ የተረት ነው። «ተረት ተረት» ስትሉ «የላም በረት» ይበሏችሁ፤ ከወረቀት አታንብቡ። አተራረኩ ብዙ ዓይነት ነው፤ የታወቀው መልክ ይህ ነው። የሰማዩ ንጉሥ፣ በጄድ ድንጋይ ስም የሚጠራው፣ ወንዝ ቀድመው ለሚሻገሩ 12 እንስሳት ዓመት ሊሰጥ ቃል ገባ። አይጥ በሬ ጀርባ ላይ ወጣች። እዚህ ላይ ዝም በሉና «አንቺ አይጥ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ ቀጥሉ፦ አይጧ ዳር ሲደርሱ ዘላ አንደኛ ሆነች፤ ድመትን ግን ውሃ ውስጥ ገፍትራት ስለነበር ድመት ዓመት የላትም። ጥንቸል በግንድ ተንሳፈፈች። ዘንዶው መብረር እየቻለ አምስተኛ የወጣው ዝናብ ሊያዘንብ ስለቆመና የጥንቸሏን ግንድ እፍ ብሎ ወደ ዳር ስለገፋ ነው። እባብ ከፈረስ ኮቴ ላይ ተጠምጥሞ መጥቶ አስደነገጠውና ቀደመው። ፍየል፣ ጦጣና ዶሮ በአንድ ታንኳ ተሻገሩ፤ ውሻ ውሃ ውስጥ ሲጫወት፣ አሳማ በልቶ ሲተኛ ዘገዩ። ልጆቹ እየሰሙ በየእንስሳው ጉድጓድ አንድ ፍሬ ይጣሉ፤ ቅደም ተከተሉን በእጃቸው ይይዙታል።

ዘንዶው ላይ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። የጎንደር ልጅ ዘንዶን የሚያውቀው በቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር ተወግቶ ነው። በቻይና ግን የዝናብና የውሃ ጌታ፣ የንጉሥ ምልክትም ነው። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ጎን ለጎን ያስስሏቸው። የቻይናው ክንፍ የለውም፤ ቀንድና ጥፍር ግን አለው።

ሁለተኛው ማታ ሒሳብ ነው፤ ሰው የተወለደበት ዓመት የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ይፈለጋል። 2004 ዓ.ም. ለ12 ሲካፈል ቀሪ የለውም፤ ዓመቱም የዘንዶ ነው። ከዘንዶ ቀጥሎ ካለው ጉድጓድ ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ፍሬ መጣል ነው። በሚያዝያ 2009 ለተወለደ ልጅ 5 ፍሬ፦ እባብ፣ ፈረስ፣ ፍየል፣ ጦጣ፣ አውራ ዶሮ። ዶሮ ሆነ። ልጆች ሁልጊዜ የሚሳሳቱት ዘንዶውን ራሱን «አንድ» ብለው በመጀመር ነው፤ የሚቆጠረው እርምጃው እንጂ መነሻው አይደለም። በ1950 ሚያዝያ ለተወለዱ አያት 54 ዓመት ወደ ኋላ ነው፤ 54 ሲካፈል ለ12 አራት ደርሶ 6 ይቀራል፤ ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ሲቆጠር ውሻ ላይ ያርፋል።

የቻይና አዲስ ዓመት ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ስለሚውል፣ ከመስከረም እስከ ጥር መጀመሪያ የተወለደ ሰው አንድ ጉድጓድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ኅዳር 2009 ዶሮ ሳይሆን ጦጣ ነው። በመካከል ባሉት ሳምንታት የተወለደ ካለ የዚያን ዓመት ትክክለኛ ቀን ማየት ግድ ነው።

የእኛ አራቱ ወንጌላውያንም እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይዞራሉ። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ ነው። 12 ለ4 ስለሚካፈል ጥምረቱ አይለወጥም። እንግዲህ በእንቆቅልሽ ጠይቁ፦ «ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በእነማን ዓመት ነው?» ይህ የሚሆነው በሉቃስ ዓመት ስለሆነ መልሱ ፍየል፣ አሳማና ጥንቸል ነው፤ 2015 የጥንቸል ነበር። ያልመለሰ አገር ይስጥ፤ የሚሰጠው ግን የቻይና ከተማ ብቻ ይሁን፤ ቤጂንግ፣ ሻንጋይ፣ ካርታ ላይ በጣት እያሳየ።

ሦስተኛው ማታ ውድድሩን አገር ቤት አምጡት። ወንዙ አንገረብ ወይም ቀሃ ይሁን፤ መድረሻው ፋሲል ግንብ። ዋልያና ጭላዳ ከሰሜን ተራሮች ይውረዱ። ልጁ ለአንድ እንስሳ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጻፍ፦ ማን፣ በምን ተሻገረ፣ ለምን በዚያ ተራ ወጣ። «ከዚያ… ከዚያ…» እያለ ከደረደረ እርሳሱን አትንጠቁት፤ «ጭላዳው ለምን ዘገየ?» በሉት። «ሣር ሲነቅል ስለዋለ» ካለ፣ ያንኑ እንዳለው ይጻፈው።