ምስር ወጥ ለሁለት፦ ጅማ ላይ አብሮ ማብሰል

ገና እየተዋወቃችሁም ሆነ ሽማግሌ ተልኮ ቀን ተቆርጦላችሁ፣ ካፌ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወሬ መፈለግ ያደክማል። ማኪያቶው ያልቃል፣ ስልክ ይወጣል። ሽንኩርት እየከተፈ ዝም ያለ ሰው ግን ዝምታው አያስጨንቅም፤ እጅ ሥራ ሲይዝ አፍም ይፈታል። ስለዚህ ለፍቅረኞች የሚመረጠው ምግብ እጅ የሚያስይዝ፣ ልብ ግን የማያስር መሆን አለበት። ጥብስ አይሆንም፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፣ የሚያገላብጠውም አንድ ሰው ብቻ ነው። ዶሮ ወጥም ለመጀመሪያ ቀን አይመከርም፤ ግማሽ ቀን ይበላል፣ ብልት ሲወጣም አንዱ አዋቂ ሌላው ተመልካች ሆኖ ይቀራል። የምስር ቁሌት ግን በባሕርይው ሁለት ሰው ይፈልጋል።

ጅማ ላይ ምስርን የምንመርጥበት ሌላም ምክንያት አለ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላምና ሥጋ ሲመጣ «ከየት ተገዛ?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ምስር ይህ ጣጣ የለበትም፤ ረቡዕና ዓርብም አይከለክሉትም። ቢሆንም ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ተጠያየቁ፦ ትጾማለህ? ስንት ሰዓት ነው የምትገድፊው? ረመዳን ከሆነ ለማፍጠሪያ እንዲደርስ ከመግሪብ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ጀምሩ፤ የሚቀምስ ስለማይኖር ጨውን በማንኪያ ለኩ።

ቦታውም ይታሰብበት። ተከራይ በበዛበት ግቢ ኩሽናው የጋራ ነው፤ ቤተሰብ ገና ካላወቀ እህት ወይም ጓደኛ ያለበት ቤት፣ ወይም ሰው የሚያየው በረንዳ ይሻላል። «ወንድ ልጅ ኩሽና ምን አገባው» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። መልስ መስጠት አያስፈልግም፤ ድስቱ እንዳያር ማየት ይበልጣል።

ገበያም አብራችሁ ውጡ። ሕርማታ መርካቶ በሌላውም ቀን ዕቃ አይታጣበትም፤ ሐሙስ ግን ከየገጠሩ ሰው ስለሚወጣ ምርጫው ይሰፋል፣ ግፊያውም ያንኑ ያህል። ለሁለት ሰው ክክ ምስር 200 ግራም (አንድ የውኃ ብርጭቆ ገደማ)፣ ቀይ ሽንኩርት ግማሽ ኪሎ፣ ነጭ ሽንኩርት 4 ፍሬ፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ ዘይት አንድ የቡና ሲኒ ተኩል፣ በርበሬ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው አንድ የሻይ ማንኪያ፣ መከለሻ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ እንጀራ 4 ይበቃል። ሽንኩርቱ ትንንሽ፣ ጠንካራና ጠቆር ያለ ቀይ ይሁን። ትልልቁ ውኃ ስለሚበዛበት ለመድረቅ ጊዜ ይፈጃል፣ ወጡንም ያጣፍጠዋል ተብሎ ሲጠበቅ ስኳር ስኳር ያሰኘዋል። አቮካዶ ካያችሁ ሁለት ጨምሩ፤ በሎሚ፣ በቃሪያና በትንሽ ጨው ተቆርጦ ከበርበሬው ጎን ሲቀርብ ምላስ ያበርዳል።

ሥራው በሰፌድ ይጀምር። ክክም ቢሆን ድንጋይ አያጣም። አንድ ሰፌድ መካከል አድርጋችሁ ከሁለት ወገን ልቀሙ፤ አንገት ይደፋል፣ ግንባር ለግንባር ይቀራረባል፣ ጣት ከጣት ይጋጫል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ አሥር ቢፈጅም የሚከፋ የለም። ከዚያ ውኃው እስኪጠራ ሦስት አራት ጊዜ እጠቡት።

ቁሌቱ ላይ አንዱ ማማሰያ ይይዛል፣ ሌላው የፈላ ውኃ በጆግ ይዞ አጠገቡ ይቆማል። ደቅቆ የተከተፈውን ሽንኩርት ሥሩ ወፍራም የሆነ ድስት ውስጥ ያለ ዘይት ጨምሩ። በመካከለኛ እሳት 15 ደቂቃ ያህል ይማሰላል፤ ከሥር መያዝ ሲጀምር ባለጆጉ በሾርባ ማንኪያ ጠብ ያደርጋል። ሽንኩርቱ ወርዶ ሲጠቋቁር ዘይቱ ይግባ፣ 10 ደቂቃ ይቁላላ። ከበርበሬው በፊት እሳቱን ቀንሱ፤ እዚህ ላይ ማማሰያና ጆግ ተቀያየሩ። ብዙ ጊዜ ወጡ የሚበላሸው እዚህ ነው። ደረቅ በርበሬ የጋለ ዘይት ሲያገኝ እርጥበት ካልደረሰለት በሰከንዶች ውስጥ ያርራል፤ ሁለታችሁንም ያስላችኋል፣ ወጡንም ያመራል። ያረረ በርበሬ መድኃኒት የለውም፤ ድስቱን አጥቦ እንደገና መጀመር ብቻ ነው። ስለዚህ ባለጆጉ አስቀድሞ ሁለት ማንኪያ ውኃ ያፈስሳል፣ በርበሬው ይከተላል፣ ከዚያም በየደቂቃው ጠብ እያደረገ ለ15 ደቂቃ ይቀጥላል። ወሬ ደርቶ ጆጉ የተረሳ እንደሆነ ድስቱ መንጣጣት ይጀምራል።

የየቤቱ በርበሬ ኃይሉ ይለያያል፤ አንዱ ቤት የለመደው ሌላውን እንባ ያስወጣል። አንድ ማንኪያ ተኩል አስቀድሙ፣ ቀሪዋን ግማሽ ከተቀማመሳችሁ በኋላ። «እኔ የምችለውን እሷም ትቻል» ማለት ግን ከጅምሩ ደግ ምልክት አይደለም።

ጥሬ ጥሬ የሚለው ሽታ ጠፍቶ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ቁሌቱ ደርሷል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ ተወቅጦ ይግባ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ምስሩ፣ ቀጥሎ 3 ብርጭቆ የፈላ ውኃ። ቀዝቃዛ ውኃ ፍላቱን ያስቆመዋልና አታድርጉ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቆላ አገር የለመደ ሰው ከጠበቀው ሰዓት በላይ ቢቆይበት አይገረም። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ጨውና መከለሻ መጨረሻ ላይ ይገባሉ። ጨውን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ይያዘው፤ ሁለት ሰው በሚሠራበት ድስት ዋናው ጥፋት ሁለቱም ሳይነጋገሩ ጨው መጨመራቸው ነው። ከበዛ፣ ትንሽ ምስር ያለ ጨው ለብቻው ቀቅላችሁ ቀላቅሉ።

ሲቀርብ አንድ ትሪ ይበቃል። እጅ ስትታጠቡ አንዱ ለሌላው ያስታጥብ፤ ሰሐንና ሹካ የማይሰጡት ነገር ነው። ከየፊታችሁ ብሉ፣ ደህናውን ወደ ሌላው ገፋ አድርጉ። ጉርሻ ትንሽ፣ በደንብ የተጠቀለለና የማያንጠባጥብ ይሁን፤ አፍ የሚሞላ ጉርሻ ፍቅር ሳይሆን ትንቅንቅ ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛዋን አትርሱ። ቤተሰብ ባለበት ግን ለታላላቆቹ ሳታጎርሱ እርስ በርስ አትጎራረሱ።

ጅማ ላይ ተበልቶ ያለ ቡና አይነሣም። አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና ለትንሽ ጀበና ይበቃል። ሴቷ ቆልታ፣ አፍልታ፣ ቀድታ፣ እሱ ተቀምጦ የሚጠጣበትን ልማድ ለአንድ ቀን ተዉት፤ አንዱ ይቁላ፣ ሌላው ይውቀጥ። በርጩማውን ዝቅ አድርጋችሁ ከምድጃው ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ ከሰሉ ግን በር ተዘግቶ አይቀጣጠል፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ቡናው እኩል እንዲቆላ ሳታቋርጡ አገላብጡ፤ ተንጣጥቶ ቡናማ ሲሆን አውጡት፣ ጥቁር ሆኖ ዘይት ካወጣ ምሬት ብቻ ይቀራል። ፈልቶ ሲወርድ ጀበናው አምስት ደቂቃ ይስከን፤ ተቸኩሎ ከተቀዳ አተላ ይወርዳል።

ከበድ ያለ ጉዳይ፣ የኪራይም ይሁን የቤተሰብ ወይም የሠርግ ወጪ፣ አቦል ላይ አታንሡ፤ ሆድ ገና ከብዷል፣ አቦሉም ራሱ ኃይለኛ ነው። ቶና ላይ ይነሣ፣ በረካ ላይ ይቋጭ። ካልተቋጨም ዕቃ ማጠቢያው አለ፦ አንዱ በሳሙና ያሻል፣ ሌላው ያለቀልቃል።

የተረፈው ወጥ ቀዝቅዞ በክዳን ይቀመጥ፣ ጠዋት በደንብ ፈልቶ በተረፈው እንጀራ ይፈርፈር። ለሁለት ምሳ ዕቃ ከበቃ፣ ወጡ ያደረበት ቤት ሰው አንዱን ይዞ ለሌላው ያድርስ።