ስለ ሼል አብሮ ገነብ ትእዛዞች ማንዋል ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የሼል፣ ማለትም ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም፣ ማንዋል አማራጮችን መዘርዘር አያቅተውም። ተዘሎ የሚቀረው አብሮ ገነቡ ትእዛዝ (ሼሉ በውስጡ ይዞት የሚመጣው) ሼሉን ራሱን ምን እንደሚያደርገው ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚያ ይመነጫሉ።

ሞክሼዎችን መቀላቀል። ኤኮ፣ ፕሪንትኤፍ፣ ቴስትና ኪል አንድም በሼሉ ውስጥ፣ አንድም ራሳቸውን የቻሉ ፕሮግራሞች ሆነው በዲስክ ላይ ይገኛሉ። ባሽ የተባለው ሼል ተጠቃሚ የኤኮን ማንዋል ለማየት «ማን ኤኮ» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት የውጪኛው ገጽ ነው፤ ኤኮ ብሎ ሲያዝ የሚታዘዘው ግን የውስጠኛው ነው። ጸሐፊው የትኛውን እያብራራ እንደሆነ በመጀመሪያው መስመር ይናገር፤ አንባቢው በታይፕ ትእዛዝ እንዴት እንደሚለያቸውም ያሳይ። በባሽ ጊዜ የሚለካው ታይም ጭራሽ ትእዛዝ አይደለም፣ የተጠበቀ ቃል (የሼሉ ቋንቋ አካል) ነው፤ በፓይፕ (የአንዱን ውጤት ለቀጣዩ በሚያቀብል ማያያዣ) የተያያዙ ትእዛዞችን በአንድነት ሊለካ የቻለውም ለዚህ ነው።

ትእዛዙ የት እንደሚሠራ አለመናገር። እንደ እኔ ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። ልጅ ፕሮሰስ (ሼሉ የሚያስነሳው ሌላ ፕሮግራም) የወላጁን የሥራ ማውጫ መቀየር ስለማይችል፣ ማውጫ የሚቀይረው ሲዲ የግድ በሼሉ ውስጥ መሆን አለበት፤ ይህን ያነበበ ሰው የአዳዲስ ፋይሎችን ፈቃድ የሚገድበውን የዩማስክን ነገር ሳይነገረው ይረዳል። አሁን ደግሞ ሪድን እንመልከት። «አንድ መስመር አንብቦ በተለዋዋጭ ውስጥ ያስቀምጣል» ማለት ውሸት አይደለም፤ ግን አይበቃም። ባሽ በፓይፕ የተያያዙትን ክፍሎች እያንዳንዳቸውን በንዑስ ሼል (በሼሉ ቅጂ) ስለሚያስኬድ፣ መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ሪድ ያነበበውን ይዞ ይጠፋል። ዚ ሼል ግን የመጨረሻውን ክፍል በዋናው ሼል ስለሚያስኬድ እሴቱ ይተርፋል። ባሽም ከ4.2 እትም ጀምሮ ላስትፓይፕ የሚባል ምርጫ አለው፤ የሚሠራው ግን የሥራ ቁጥጥር (ሥራዎችን የማገድና ከበስተጀርባ የማስኬድ ችሎታ) ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ በተለምዶ በስክሪፕት ጠፍቶ፣ ተርሚናል ላይ በርቶ ይገኛል። በስክሪፕት የተሳካ ምሳሌ ተርሚናል ላይ እምቢ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማንዋሉ ዝም ካለ አንባቢው ጥፋቱን በራሱ ላይ ይፈልጋል።

የመውጫ ኮድን «ከተሳካ 0፣ ካልሆነ ሌላ» ብሎ ማለፍ። ቴስት ሐሰት ሲሆን 1፣ ስህተት ሲገጥመው ከ1 በላይ ይመልሳል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሪድ የመስመር ማብቂያ የሌለውን የመጨረሻ መስመር ሲያነብ ደግሞ ጽሑፉን ተለዋዋጩ ውስጥ አስቀምጦም ዜሮ ያልሆነ ኮድ ይመልሳል። ብዙ የንባብ ዑደቶች የፋይሉን የመጨረሻ መስመር የሚጥሉት በዚህ ነው።

ልዩ አብሮ ገነቦችን ከሌሎቹ ጋር መደባለቅ። የሼሎች የጋራ መስፈርት የሆነው ፖዚክስ ኤክስፖርት፣ ኢቫል፣ ሴት፣ ሺፍትና መሰሎቻቸውን ለይቶ ያስቀምጣል፤ የእነርሱ ስህተት ስክሪፕቱን ሊያቋርጥ ይችላል። ግቤቶችን ከፊት እየጣለ የሚያሸጋሽገው ሺፍት ከተሰጡት ግቤቶች በላይ እንዲጥል ቢታዘዝ፣ ዳሽ የተባለው ሼል ስክሪፕቱን ያቆማል፤ ባሽ በተለመደው አሠራሩ 1 መልሶ ይቀጥላል።

ያልተጠበቀ ውጤትን መዘንጋት። ሲዲ ዝምተኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ማውጫውን በሲዲፓዝ ተለዋዋጭ (ሲዲ የሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) በኩል ሲያገኝ አዲሱን መንገድ ያትማል። ውጤቱን የሚይዝ ስክሪፕት ያልጠበቀው መስመር ይገባበታል።

የአንዱን ሼል ጠባይ የሁሉም አድርጎ መጻፍ። ኤኮ የኋልዮሽ ዝባዝ ምልክትን (\) በዳሽ ይተረጉማል፤ በባሽ ግን ካልታዘዘ እንዳለ ያትማል። የሀብት አጠቃቀም ገደብ የሚጥለው የዩሊሚት የፋይል መጠን ገደብም በባሽ በ1024 ባይት ይቆጠራል፤ ባሽ በፖዚክስ አሠራር ሲነሳ ግን በ512 ነው። ቁጥሩን ያለ መለኪያው መጻፍ ገደቡን በእጥፍ ያሳስታል።