ጎማ ስትገዙ ጎኑን አንብቡ! የከባድ መኪናና የተሳቢ ጎማ ገዢዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ገላን መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት አለኝ፣ ብዙ አመት የሲኖና የተሳቢ ጎማ ስፈታ ስገጥም ነው የኖርኩት። ይሄን የምጽፈው ባለፈው ሳምንት ያየሁት ነገር አላስተኛ ስላለኝ ነው።

አንድ ወጣት በብድር የገዛውን ተሳቢ ይዞ መጣ፣ ላዩ ላይ ስምንት ጎማ። "ጋሼ አዲስ ነው፣ የአምና ምርት ነው፣ ይግጠሙልኝ" አለኝ። ጎማው ያብረቀርቃል። በእርጥብ ጨርቅ ጎኑን ጠረግ ሳደርገው ጨርቁ ጥቁር ሆነ፣ ተቀብቷል ማለት ነው። ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሁፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አየሁ፣ 1517። ልጁ 17ን አይቶ 2017 ነው ብሎ ነው የገዛው። ወንድሞቼ ይሄ እኮ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው! 15ኛው ሳምንት፣ የፈረንጅ 2017፣ በኛ ሚያዝያ 2009 ማለት ነው። ከስምንት አመት በላይ የሆነው ጎማ በአዲስ ዋጋ! በአውራ ጣቴ ጎኑን ጫን ሳደርገው ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ተከፈተ፣ እያየ ፊቱ ተለዋወጠ። ጥርሱ ምንም አልተበላም፣ ላስቲኩ ግን ደርቋል፣ ሙሉ ጭነት ይዞ አፋር ሙቀት ውስጥ ሲገባ የሚላጠው እንደዚህ ያለው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ አመት ናቸው፣ እስከ 36ኛው ሳምንት ከሆነ ከአመቱ 8 ቀንሱ፣ ከዛ በኋላ ከሆነ 7። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሆነ የሚጻፈው ሻጩ "የለውም" ካላችሁ አስገልብጡት። ይሄን ስንቴ እንደተናገርኩ እግዜር ነው የሚያውቀው፣ አሁንም በየሳምንቱ አንድ ሰው አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ ልኩን ብቻ ጠይቆ መግዛት። "315 በ80 በ22.5 አለህ?" ብሎ አለ ሲሉት ብር መቁጠር። ከልኩ ቀጥሎ 156/150 የመሰለ ቁጥር አለ፣ የመሸከም አቅሙ ነው። 156 ማለት ጎማው ለብቻው ሲገጠም 4000 ኪሎ፣ 150 ማለት ደግሞ መንታ ሲሆን፣ ሁለት ጎማ ጎን ለጎን ሲታሰር፣ እያንዳንዱ 3350 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ልኩ አንድ ሆኖ ይሄ ቁጥር ያነሰ ጎማ አለ፣ ርካሽ የሆነውም ለዛ ሊሆን ይችላል።

የድንጋይ ካባ የሚመላለስ ሲኖ የሚያስረውን ባለትልልቅ ጥርስ ጎማ ለጅቡቲ መንገድ አትግዙ፣ አስፋልት ላይ ይሞቃል ቶሎም ያልቃል። ኤፍአርቲ (FRT) የሚል የተጻፈበት ደግሞ ለተሳቢ ብቻ ነው፣ መሪ ላይ እንዳታስሩት።

መንታ ላይ አዲስና የተበላ ማጣመር። ይሄን እኔም አድርጌዋለሁ፣ ስጀምር አካባቢ ለአንድ ሹፌር አዲስ ጎማ ከአሮጌ ጎን ገጥሜ ሸኘሁት፣ ከመተሃራ ደውሎ "አዲሱ ፈነዳ" አለኝ። አዲሱ ከፍ ስለሚል ክብደቱን እሱ ይሸከመዋል፣ አሮጌው ደግሞ እየተንፏቀቀ ይበላል። ሰውዬው ፀሀይ ላይ ክሪክ ሲያስገባ እያሰብኩ ያን ቀን ምግብ አልበላልኝም። አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሜ ሳልለካ አላስርም።

ሹፌሮች ደግሞ፣ እባካችሁ አዋሽ ስትደርሱ ጎማው ሞቀ ብላችሁ አታስተንፍሱ! ሲሞቅ ንፋሱ መጨመሩ ያለ ነው፣ ጎማው ሲሰራም ታስቦበታል። ንፋሱን ስትቀንሱለት ጎኑ በየዙሩ ይተጣጠፋል፣ ያ መተጣጠፍ ነው ውስጡን የሚያቃጥለው። የሚለካው ሌሊት ከመነሳታችሁ በፊት በቀዝቃዛው ነው፣ በመለኪያ፣ በመዶሻ እየመታችሁ ድምፁን በመስማት አይደለም።

አዲስ ጎማ ውስጥ አሮጌ ካላማዳሪ አታስገቡ፣ ተለጥጦ ስለነበር ይታጠፍና ይቀደዳል። ያለቀ ጎማ ጥርሱን ማስቀረጽም ጎኑ ላይ ሪግሩቨብል (REGROOVABLE)፣ መቀረጽ ይችላል ማለት ነው፣ ካልተባለ አይሆንም፣ ሽቦው ነው የሚወጣው።

ልጁ ጎማዎቹን መልሶ ጫነ፣ ከሻጩ ጋር ሁለት ቀን ተጨቃጭቆ አምስቱን አስቀየረ። ትላንት ማታ ከሱቁ ሆኖ የአንዱን ጎን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፣ ስር "ጋሼ 8 ነው 7 የምቀንሰው?" ብሎ።