ልጆችን ምግብ ማብሰል ለማስተማር ከቆሮሶ ዓሣ ጀምሩ

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) ስትገዙ ሰባተኛ ስምንተኛ ክፍል የደረሰውን ልጅ ወደ ማድቤት ጥሩት፤ ሴት ወንድ ሳትሉ። ቶሎ ስለሚበስል ለጀማሪ ይመቻል፤ ዶሮ ወጥማ ገና ቁሌቱ ላይ ያሰለቻቸዋል። ቅርፊቱንና ሆድ ዕቃውን እናንተ አጽዱላቸው። እነሱ ጨውና ሎሚ ይሹት፤ ቲማቲምና ቃሪያውንም ይክተፉ፣ አትክልቱን የያዘው እጅ ጣቶቹን ወደ ውስጥ አጥፎ። ጥሬ ዓሣ የነካው ቢላና መክተፊያ ሳይታጠብ አትክልት ላይ እንዳይውል! በጥቂት ዘይት እያገላበጡ ይጥበሱት፤ ሥጋው ነጥቶ ከአጥንቱ በቀላሉ ሲላቀቅ በስሏል። ሎሚ ብቻውን አያበስልም፣ ጥሬ የጣና ዓሣ ደግሞ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል። ሻዩ ከተበላ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጠጣ፤ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት የሚወስደውን ብረት ይቀንሳል።