በበዓል ቤት ስኳርን እንዴት እንቀንስ?

የበዓል ስኳር ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ኬኩን ነው። እኔ በቤታችን ለዓመታት ስሞክር የተረዳሁት ግን ሌላ ነው። ዶሮ ወጡ ላይ ስኳር አይጨመርም። ጥብሱ፣ ክትፎው፣ አይቡ፣ እንጀራው ላይም አይጨመርም። ስኳሩ ያለው የሚጠጣው ላይ ነው፤ ቡናው፣ ሻዩ፣ ለስላሳው፣ ቀሪቦው ላይ። ስለዚህ ማዕዱን ተዉት። እናቶችን "ምግባችሁን ቀይሩ" ካላችኋቸው ገና ሳትጀምሩ ትሸነፋላችሁ። ሥራው ያለው ብርጭቆና ሲኒው ላይ ነው።

ሂሳቡን አንዴ ማየት ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ከተጨመረ ስኳር የምናገኘው ጉልበት በቀን ከምንወስደው ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል ይላል። ይህ ሁለተኛው ልክ ለአንድ አዋቂ ወደ 25 ግራም ነው፤ በሻይ ማንኪያ ስድስት ያህል። አሁን የቡናውን ሥርዓት አስቡ። አቦል ላይ ሁለት ማንኪያ፣ ቶና ላይ ሁለት፣ በረካ ላይ ሁለት። ስድስቱ አለቀ። ለስላሳው ገና አልተከፈተም፤ ጎረቤት ቤት የሚጠጣው ቡናም ገና አልመጣም። ማርና ጭማቂም ከዚሁ ሂሳብ ውስጥ ናቸው፤ "ማር እኮ ነው" ብሎ ብርዝ በብርዝ ላይ መደረብ አያዋጣም። እንዳለ የሚበላ ፍራፍሬ ግን አይቆጠርም።

አስቀድማችሁ ጀምሩ

በበዓሉ ዋዜማ የሚጀመር ቅነሳ አይሠራም። ምላስ ጊዜ ይፈልጋል። ለገና ካሰባችሁ የነቢያት ጾም ሲገባ፣ ለፋሲካ ካሰባችሁ ዐቢይ ጾም ሲገባ ጀምሩ። ከሻይና ከቡናችሁ ላይ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። ስትለምዱት ሌላ ግማሽ። በዓሉ ሲደርስ የድሮው ልክ ራሱ ይከብዳችኋል።

የለስላሳውን ግዢ ቀንሱ

ስኳር ያለበት የኮላ መጠጥ ብዙውን ጊዜ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ያህል ስኳር አለው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ እንግዲህ 30 ግራም፣ ከሰባት ማንኪያ በላይ ነው። ሳጥን ሙሉ ለስላሳ ቤት ከገባ ይጠጣል፤ ቀላል ነው። የለመዳችሁትን ግማሽ ግዙ፣ በቀረው ገንዘብ አምቦ ውሃና ሎሚ ግዙ።

አቀራረቡም ለውጥ ያመጣል። በትናንሽ ጠርሙስ ስትከፍቱ እያንዳንዱ ሰው የተከፈተለትን ይጨርሳል። ከትልቁ ጠርሙስ በትንሽ ብርጭቆ ስትቀዱ ግን ብዙው ሰው አንዴ ጠጥቶ ይበቃዋል። ለልጆች ግማሽ ለስላሳ ግማሽ አምቦ አድርጋችሁ ቅዱላቸው፤ አረፋው ስላለ ደስ ይላቸዋል። ደግሞም ከምግብ ጋር ይጠጡት እንጂ ቀኑን ሙሉ ጠርሙስ ይዘው እየተጎነጩ አይዋሉ። ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ መጠን ብቻ አይደለም። አፍ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳር ባገኙ ቁጥር አሲድ ያመርታሉ፤ ጥርሱ ፋታ ያጣል።

ስኳር የሌለውን ለስላሳና በእንክብል የሚሸጠውን ማጣፈጫ በተመለከተ፣ እኔ አልወደውም። ምላሱ ያው ጣፋጭ እንደለመደ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 እነዚህን ማጣፈጫዎች ክብደት ለመቆጣጠር ብሎ መጠቀምን እንደማይመክር አስታውቋል። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጉዳይ የተለየ ስለሆነ ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ።

ቡናው

ዋናው ትግል እዚህ ነው።

በብዙ ቤት ስኳሩ አስቀድሞ ሲኒው ውስጥ ይገባል፣ ቡናው ከላይ ይቀዳል። ስንት ማንኪያ እንደሚጠጣ የሚወስነው ቀጂው ነው። ቀጂ ደግሞ እንግዳ ማክበር ስለሚፈልግ እጁ አይቆጠብም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቀይሩ። መጀመሪያ ቡናው ይቀዳ፣ ስኳሩ ለብቻው በትሪ ይዙር፣ እያንዳንዱ ለራሱ ይጨምር። ለትልልቅ ሰዎች ከቤቱ ልጅ አንዱ ጎንበስ ብሎ "እማማ፣ በልክዎ ይጨምሩ" ብሎ ያቅርብ። ይህ ሥርዓት እንጂ ንፍገት አይመስልም።

ንፍገት የሚመስለው የስኳር ዕቃው ጎዶሎ ሲሆን ነው። "ስኳር ሰሰቱብን" የሚል ወሬ ከወጣ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል፣ የሚቀጥለው በዓል ላይ ስኳሩ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ ዕቃውን ሞልታችሁ አቅርቡ። የምታሳንሱት ማንኪያውን ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ትንሹን ማንኪያ ፈልጉና እሱን አስቀምጡ። ሁለት ማንኪያ የለመደ ሰው ከትንሹም ሁለት ጨምሮ ይጠጣል፤ ሲኒው ውስጥ የገባው ስኳር ግን በጣም ያነሰ ነው። ስኳሩን መደበቅ፣ "አልቋል" ማለት፣ ሳይነግሩ መቀነስ፣ እነዚህን አትሞክሩ። ሰው ይቀየማል።

ሁለተኛው ነገር ቡናው ራሱ ነው። ሰው ስኳር የሚያበዛው ብዙ ጊዜ ቡናው ስላረረ ነው። የበዓል ቀን ደግሞ ቡና በቀላሉ ያርራል፤ የምትቆላው ሴት አንድ ዓይኗ ወጡ ላይ፣ ሌላው በሩ ላይ ነው። ያን ቀን ለቡናው አንድ ሰው ብቻ መድቡ። ፍሬው በደንብ ይታጠብ፣ እሳቱ መካከለኛ ይሁን፣ ማማሰሉ አይቋረጥ። መንጣጣት ከጀመረ በኋላ ከምጣዱ ዘወር ማለት የለም። ፍሬው ቅባት አውጥቶ መብለጭለጭ ከጀመረ አልፏል፤ ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ይውረድ። ከእሳት ቢወርድም የጋለው ምጣድ መቁላቱን አይተውም። ጭሱን እንግዳ ካሸተተው በኋላ ወዲያው ሰፌድ ላይ ይገልበጥ። ጀበናውም ከፈላ በኋላ ማቶቱ ላይ አረፍ ይበል፣ አተላው ይስከን። አተላ የበዛበት ቡና አፍ ላይ ይሻክራል፤ የጠጣው ሰው መፍትሔ ብሎ የሚያስበው ስኳር ነው።

በደንብ የተቆላ ቡና ላይ አንድ ዘለላ ጤና አዳም ጣል ማድረግ ወይም ሲወቀጥ ትንሽ ኮረሪማ መጨመር ትልቅ እገዛ ነው። በብዙ የገጠር አካባቢ ቡና በጨው ይጠጣል፤ ጣዕሙ ጥሩ ነው፣ ደም ግፊት ላለበት ሰው ግን አይሆንም።

አሁን ደግሞ ከየትኛው ሲኒ እንጀምር የሚለው አለ። አቦል ላይ ስኳር አስቀሩ ብላችሁ አትጀምሩ። አቦል ወፍራም ነው፣ ላልለመደ ይከብዳል። ከበረካ ጀምሩ። በረካ ቀጭን ስለሆነ ያለ ስኳርም ይወርዳል፤ በዚያ ሰዓት ሰው ልቡ ጨዋታው ላይ ስለሆነ ልብ አይለውም። በረካ ያለ ስኳር ሲለመድ ወደ ቶና እለፉ። አቦል ላይ ግማሽ ማንኪያ ቢቀር እኔ አልከራከርም።

የቡና ቁርሱ ቆሎ ወይም ስኳር ያልተነሰነሰበት ፈንዲሻ ይሁን። ድፎ ዳቦውም ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ገብቶበት በኮባ ከተጋገረ ስኳር አይጠይቅም።

ሻይ ከሆነ ደግሞ ፔርሙዙ ውስጥ ስኳር አትጨምሩ። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ይግባበት፣ ስኳሩ ከውጭ ይቅረብ። ዒድ ላይ ይህ በተለይ ይረዳል፤ ሙሸበክና ባቅላባ በቀረበበት ቤት ሻዩ ራሱ ጣፋጭ መሆን የለበትም።

ቀሪቦ

ጠላ በማይጠጣበት ቤት ቀሪቦ የበዓል ክብር ነው፣ ስለዚህ አይቀርም። ስኳሩን ግን መቀነስ ይቻላል፤ ጨርሶ ማስቀረት አይቻልም። እርሾው የሚሠራው ስኳሩን እየበላ ነውና ስኳር ካጣ አረፋ የሌለው የገብስ ውሃ ይሆንባችኋል። ከለመዳችሁት ሲሶውን ቀንሱና ገብሱን ጠቆር እስኪል፣ ግን ሳይከስል ቁሉት። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ትንሽ ቀንሱ።

ባዶ እጅ ላለመሄድ

ዘመድ ቤት ስትሄዱ ከኬክ ይልቅ ብርቱካን፣ ሙዝ ወይም አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ያዙ። ቡና ይዞ የመጣ እንግዳ የተናቀበት ቤት አላየሁም። ለእንቁጣጣሽ እሸት በቆሎ አለ። ለቡሄ ጨፋሪዎች ሙልሙሉ ራሱ ይበቃል፤ ከረሜላ መጨመር አያስፈልግም።

"በሞቴ" ማለትን ለምግቡ አድርጉት

እንግዳ "ይቅርብኝ" ሲል "በሞቴ፣ አንዴ ብቻ" እንላለን። ጉርሻ ላይ ይሁን፣ ደስ ይላል። ለስላሳና ስኳር ላይ ግን ይቅር። ከተቀመጡት መካከል የስኳር ሕመሙን ለማንም ያልተናገረ ሰው ሊኖር ይችላል። ደጋግማችሁ ስትለምኑት ወይ ሕመሙን በሰው ፊት ይናገራል፣ ወይ ለእናንተ ብሎ ይጠጣል። ሁለቱም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ውሃና አምቦ ከለስላሳው እኩል ትሪው ላይ ይቅረብ፤ ሰው ምክንያት ሳይሰጥ የፈለገውን ያንሳ።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ስኳሩን ከቤት ጨርሳችሁ አታጥፉ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም አንዳንድ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምግብ ከዘገየበት ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። በበዓል ደግሞ ምሳ ይዘገያል፤ "እንትና ይምጣ" እየተባለ ዶሮው ዘጠኝ ሰዓት ይቀርባል። እንዲህ ያለውን ሰው አታስጠብቁት፣ በሰዓቱ ቀድሞ ይብላ። ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበው፣ ንግግሩ ከተምታታ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት። በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ድገሙለት፣ ሲሻለው ምግብ ስጡት። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም ሳትጨምሩ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። እንጀራና ዳቦም የደም ስኳር ከፍ ስለሚያደርጉ የእነሱን ልክ ሐኪሙ በነገረው መሠረት ያድርገው።

በማግስቱ

የተረፈ ለስላሳ ፍሪጅ ውስጥ ከቆየ ልጆቹ ለሳምንት ይጠጡታል። ስትገዙ ባለሱቁን "ያልተከፈተ ብመልስ ትቀበለኛለህ?" ብላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። የተረፈውን ኬክም እዚያው ቀን ለጎረቤት አካፍሉት፤ ቁራጭ ቁራጭ ከሆነ ለማንም አይበዛም።